የቴሌኮም ገበያ ተከፈተ ሲባል የሚከፈተው ምኑ ነው?

አንድ አገር «የቴሌኮም ገበያዬን ለውድድር ከፍቻለሁ» ብሎ ሲያውጅ አብዛኛው ሰው የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፦ ዋጋ ይቀንሳል። አዲስ ኩባንያ ይመጣል፣ አዲስ ሲም ካርድ ይሸጣል፣ ነባሩ ይደነግጣል፣ የኢንተርኔት ጥቅል ይረክሳል። አንዳንድ ቦታ በእርግጥም እንደዚያ ሆኗል። ሌላ ቦታ ግን ፈቃዱ ተሰጥቶ፣ ሪባኑ ተቆርጦ፣ ከዓመታት በኋላም ደንበኛው ያው ነባሩ ኩባንያ ጋ ተቀምጧል። ይህን ልዩነት የሚፈጥረው የፈቃዱ ወረቀት አይደለም። አዲሱ ኩባንያ ከነባሩ ኔትወርክ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ምን ዓይነት ደንብ አለ? ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ስለዚያ ቦታ ብዙም አይወራም፤ ቃላቱ ከበድ ይላሉ፣ ነገሩም የመሐንዲሶችና የጠበቆች ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን የጉዳዩ ልብ እዚያ ነው ብዬ ስለማምን ቀስ ብለን እንየው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ለምን አንድ ብቻ ነበር?

ስልክ በብዙ አገር ለአንድ ድርጅት ብቻ የተሰጠው እንዲሁ በዘፈቀደ አልነበረም። ምክንያት ነበረው። አሜሪካን እንውሰድ። የቤል የስልክ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) በ1893 እና በ1894 ጊዜው ሲያልፍ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ የስልክ ኩባንያዎች በየከተማው ተፈለፈሉ። ዋጋ ወረደ፤ ስልክም ከዚያ በፊት ወዳልደረሰባቸው ገጠሮች ገባ። ችግሩ ኩባንያዎቹ እርስ በርስ አይገናኙም ነበር። የአንዱ ደንበኛ ለሌላው ደንበኛ መደወል አይችልም። ስለዚህ ነጋዴው ቢሮው ውስጥ ሁለት ስልክ ያስገባል፣ ሁለት ሒሳብ ይከፍላል። ትልቁ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ ደግሞ የረጅም ርቀት መስመሩን ለተፎካካሪዎቹ ይከለክላል፣ በዚያው ጉልበት አንድ በአንድ ይገዛቸዋል።

የኩባንያው አለቃ ቴዎዶር ቬይል ያኔ ያነሱት መፈክር «አንድ ሥርዓት፣ አንድ ፖሊሲ፣ ለሁሉም የሚደርስ አገልግሎት» የሚል ነበር። ሁለት ስልክ መሸከም ለሰለቸው ሕዝብ ጥሩ ሐሳብ ነበር። በ1913 ኩባንያው ከመንግሥት ጋር በተስማማው መሠረት ነፃዎቹን ትናንሽ ኩባንያዎች ከረጅም ርቀት መስመሩ ጋር ለማገናኘት ቃል ገባ፤ በምላሹም ሞኖፖሊው እንዳለ ቀጠለ። በሌላው ዓለም ደግሞ ስልክ የፖስታ ቤት ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ ሆነ። አንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ጊዜ ምሰሶ መትከል፣ ሁለት ጊዜ መንገድ መቆፈር ብክነት ነው የሚለው ክርክር ለአሥርተ ዓመታት ያሸነፈ ክርክር ነው። ዛሬም ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። የትኛው የኔትወርክ ክፍል ላይ እንደሚሠራና የትኛው ላይ እንደማይሠራ መለየት ነው የሚያስፈልገው።

መለየቱ የጀመረው ቴክኖሎጂው ሲለወጥ ነው። ሽቦ ሳይዘረጋ፣ ከማማ ወደ ማማ በሚተላለፍ የማይክሮዌቭ ሞገድ ከተማን ከከተማ ማገናኘት ሲቻል፣ «ሁለተኛ መስመር ብክነት ነው» የሚለው ክርክር በረጅም ርቀት ላይ ወደቀ። ኤምሲአይ የተባለ ትንሽ ኩባንያ በ1969 በቺካጎና በሴንት ሉዊስ መካከል እንዲህ ዓይነት መስመር እንዲሠራ ተፈቀደለት። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1968፣ ደንበኛው ኤቲ ኤንድ ቲ ያልሠራውን መሣሪያ ከስልክ መስመሩ ጋር ማያያዝ እንደሚችል ተወሰነ፤ ሞደምና ፋክስ በሰው ቤት የገቡት በዚህ በር ነው። ነገሩ ለዓመታት በፍርድ ቤት ተጎትቶ በ1984 መጀመሪያ ላይ ኤቲ ኤንድ ቲ ተበተነ። የየአካባቢው የስልክ መስመር ለሰባት የክልል ኩባንያዎች ተሰጠ፣ ረጅም ርቀት ደግሞ ለብቻው ቀረ። መስመሩ ያለው አንዱ፣ የሚፎካከረው ሌላው። ያ መለያየት ከሁሉም በላይ የተሳለ ውሳኔ ነበር፤ ሌሎች አገሮች ግን ብዙውን ጊዜ ሊደፍሩት አልፈለጉም።

ጥሪው የሚያልቀው ማን ቤት ነው?

አሁን ራሳችሁን በአዲሱ ኩባንያ ቦታ አስቀምጡ። ፈቃድ አላችሁ፣ ማማ ተክላችኋል፣ ሲም ካርድ ትሸጣላችሁ። ከመቶ የስልክ ተጠቃሚ አንዱን ይዛችኋል እንበል። የእናንተ ደንበኛ ከሚደውላቸው መቶ ጥሪዎች 99ኙ የሚሄዱት ነባሩ ኩባንያ ጋ ወዳለ ሰው ነው። ነባሩ ጥሪውን ካልተቀበለ የእናንተ ሲም ካርድ ዋጋ የለውም። ቢቀበልም በደቂቃ ያስከፍላችኋል። ይህ ክፍያ የማድረሻ ክፍያ ልንለው የምንችለው ነው፤ ጥሪውን ያስጀመረው ኩባንያ፣ ጥሪውን ተቀብሎ ለተደወለለት ሰው ላደረሰው ኩባንያ የሚከፍለው። ክፍያው ከፍ ካለ እናንተ ከዚያ በታች ዋጋ ማውጣት አትችሉም፤ ከጥሪዎቻችሁ 99 በመቶው ላይ ትከፍላላችሁና። ነባሩ ግን አብዛኛው ጥሪ በራሱ ኔትወርክ ውስጥ ጀምሮ በራሱ ኔትወርክ ውስጥ ስለሚያልቅ ይህ ወጪ ብዙም አይነካውም።

ይባስ ብሎ ነባሩ «በእኛ ኔትወርክ ውስጥ ስትደውሉ በርካሽ፣ ወደ ሌላ ስትደውሉ በውድ» ብሎ ማስታወቅ ይችላል። ሕጋዊ ይመስላል፤ ለደንበኛውም ቅናሽ ነው። ውጤቱ ግን ሰው ሁሉ ብዙ ዘመድና ጓደኛ ወዳለበት ኔትወርክ እንዲሄድ መግፋት ነው። ሁለት ሲም የሚይዙ ስልኮች በብዙ አገር እንዲህ የተወደዱት አንዱ ምክንያት ይሄው ነው፤ ሰው ለእያንዳንዱ ኔትወርክ የየራሱን ሲም ይይዛል። ከመቶ ዓመት በፊት ሁለት ስልክ ቢሮው ያስገባው አሜሪካዊ ነጋዴ ችግር መልኩን ቀይሮ ኪስ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ሌላም የማይታይ ዘዴ አለ። ሁለቱ ኔትወርኮች የሚገናኙበት መስመር አቅም ያስፈልገዋል። ነባሩ አቅሙን ለመጨመር ቢያዘገይ፣ «ዕቃው አልደረሰም፣ መሐንዲሱ ፈቃድ ላይ ነው» ቢል፣ በሥራ ሰዓት ከአዲሱ ወደ ነባሩ የሚደረጉ ጥሪዎች መውደቅ ይጀምራሉ። ደንበኛው ማንን ይወቅሳል? አዲሱን። «ኔትወርኩ አይሠራም» ብሎ ሲሙን ይጥላል። ማንም ሕግ የጣሰ አይመስልም።

ዋጋው ሲነካ ምን እንደሚሆን ለማየት ኬንያ ጥሩ ምሳሌ ናት። በ2010 ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሞባይል የማድረሻ ክፍያን ከ4.42 ሽልንግ ወደ 2.21 ሽልንግ አወረደው። ወዲያው የዋጋ ጦርነት ተነሳ፤ ያኔ ዛይን ይባል የነበረው ኤርቴል ጥሪን በደቂቃ 3 ሽልንግ አደረገ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። አዲስ ኩባንያ አልገባም፣ አዲስ ማማ አልተተከለም። አንድ ቁጥር ተቀየረ፣ በቃ። ሕንድ ይህንኑ ክፍያ በ2017 ከ14 ፓይሳ ወደ 6 ፓይሳ አወረደችው፣ በ2021 መጀመሪያ ደግሞ ጭራሹን አነሳችው።

ደንብ ጨርሶ ሳይኖር ምን ይሆናል? ሶማሊያ ውስጥ በ1991 ማዕከላዊ መንግሥት ከፈረሰ በኋላ የግል የስልክ ኩባንያዎች በፍጥነት አደጉ። ዋጋቸውም ርካሽ ነበር፣ በዚያ ላይ የውጭ አገር ጥሪያቸው በአካባቢው ካሉት ርካሾች አንዱ ነበር። ሰዎች ይህን እያነሱ «ይኸው፣ መንግሥት ባይኖር ይሻላል» ይላሉ። ያልተነገረው ግን ኩባንያዎቹ ለረጅም ጊዜ እርስ በርስ ሳይገናኙ መቆየታቸው ነው። የአንዱ ደንበኛ የሌላውን ለማግኘት ሌላ ስልክ ወይም ሌላ ሲም መያዝ ነበረበት። ገበያው ክፍት ነበር፤ መገናኛው ግን ዝግ ነበር።

ኒውዚላንድ ደግሞ ሕግና ሥርዓት የሞላባት አገር ሆና ተመሳሳይ ግድግዳ ገጠማት። በ1989 ገበያዋን ሙሉ በሙሉ ከፈተች፣ ግን የተለየ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ አላቋቋመችም። አጠቃላዩ የንግድ ውድድር ሕግ ይበቃል፣ የቀረውን ፍርድ ቤት ይፈታዋል ተባለ። አዲሱ ኩባንያ ክሊር ኮሙኒኬሽንስ በየከተማው ካለው የነባሩ ቴሌኮም መስመር ጋር ለመገናኘት በዋጋ መስማማት አቃተው። ጉዳዩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄደ፣ ከዚያ ይግባኝ ሰሚ ጋ ሄደ፣ በመጨረሻ በ1994 ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ወደነበረበት ለንደን ድረስ ሄዶ ለነባሩ ተፈረደ። አስቡት፤ ክርክሩ ዓመታት ሲፈጅ ነባሩ በየቀኑ ገንዘብ እየሰበሰበ ነው፣ አዲሱ በየቀኑ ለጠበቃ እየከፈለ ነው። ኒውዚላንድ በ2001 አዲስ ሕግ አውጥታ የቴሌኮም ኮሚሽነር ሾመች፤ በ2011 ደግሞ የመስመሩን ባለቤት ቾረስ በሚል ስም ከአገልግሎት ሻጩ ለየችው። ከብዙ ድካም በኋላ አሜሪካኖቹ በ1984 የደረሱበት ሐሳብ ጋ ደረሰች ማለት ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ የተቀመረው ደንብ ዛሬ በዓለም የንግድ ድርጅት ሰነድ ውስጥ አለ። በ1997 69 መንግሥታት የተስማሙበትና በ1998 ሥራ ላይ የዋለው የቴሌኮም ስምምነት አባሪ፣ ገበያውን የተቆጣጠረው ኩባንያ ለሌሎች በቴክኒክ በሚቻልበት በማንኛውም ነጥብ ላይ፣ ሳያዳላ፣ ወጪን መሠረት ባደረገ ዋጋ መገናኛ ይስጥ ይላል። ተቆጣጣሪውም ከየትኛውም ኩባንያ የተለየ ይሁን ይላል። ይህ ሁለተኛው ነጥብ በተግባር ከባድ ነው። ምክንያቱም በብዙ አገር መንግሥት የነባሩ ኩባንያ ባለቤት ነው፣ ከትርፉ ድርሻ ያገኛል፣ ታክስ ይሰበስባል፣ ዳኛውንም ይሾማል። ዳኛው ነባሩን የሚጎዳ ውሳኔ ሲወስን የሚከፋው የሾመው አካል ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪው በጀቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ኃላፊውን ማን ማንሳት እንደሚችል፣ ውሳኔውን በጽሑፍ ከነምክንያቱ ያትም እንደሆነ መጠየቅ የጠበቆች ብቻ ሥራ መሆን የለበትም።

የመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች

ሞባይል ላይ ቢያንስ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ማማ መትከል ይችላል። ወደ ቤት የሚገባው ሽቦ ላይ ግን አሮጌው ክርክር ዛሬም ጉልበት አለው። በየቤቱ ሁለተኛ ሽቦ ማስገባት በእርግጥ ውድ ነው። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ነባሩ ያንን የመጨረሻ ሽቦ ለተፎካካሪዎቹ በጅምላ ዋጋ እንዲያከራይ ማስገደድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ገበያውን በ1998 መጀመሪያ ላይ ሙሉ በሙሉ ከከፈተ በኋላ፣ ያ ብቻውን እንደማይበቃ አይቶ ከ2001 ጀምሮ ይህንን ግዴታ አደረገው።

ግዴታውም ሊሸወድ ይችላል። በጀርመን ዶይቸ ቴሌኮም ለተፎካካሪዎቹ ሽቦውን የሚያከራይበት የጅምላ ዋጋ፣ እሱ ራሱ ለደንበኛው ከሚሸጥበት የችርቻሮ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ለማንም ትርፍ የማይተው ነበር። የጅምላው ዋጋ 10፣ የችርቻሮው 9 ቢሆን ማን ይፎካከራል? የአውሮፓ ኮሚሽን በ2003 በዚህ ምክንያት 12.6 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። በወረቀት ላይ በሩ ክፍት ነበር፤ የገባ ሁሉ ግን ይከስራል።

ከሽቦው በተጨማሪ ቱቦውና ምሰሶው አለ። ፋይበር ለመዘርጋት ከሚወጣው ገንዘብ ትልቁ ለፋይበሩ አይደለም፤ ለቁፋሮው ነው። ስለዚህ ነባሩ ከመሬት በታች ያለውን ቱቦ፣ ምሰሶውን፣ ማማውን በተመጣጣኝ ኪራይ እንዲያካፍል ማድረግ ከብዙ ድጎማ ይበልጣል። ማዘጋጃ ቤቱም መንገድ ሲቆፍር ባዶ ቱቦ አብሮ ቢቀብር ለወደፊቱ ትልቅ ነገር ነው። አንዴ አስፋልቱ ከተደፋ በኋላ ሁሉም ነገር ውድ ነው።

ቁጥርን ይዞ መዛወርንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ሰው ስልክ ቁጥሩን ለዓመታት ለዘመድ፣ ለባንክ፣ ለሥራ ቦታ ሰጥቶታል፤ ቁጥሩን ትቶ መሄድ ካለበት ብዙው ሰው ባለበት ይቀራል። ሲንጋፖር በ1997 ሞባይል ላይ ይህን ቀድማ ጀመረች፣ አሜሪካ በ2003 ተከተለች። የሬዲዮ ሞገድ ክፍፍልም እንዲሁ ነው፤ ነባሩ ርቀት የሚሸፍኑትን ዝቅተኛ ሞገዶች ሁሉ ይዞ ለአዲሱ የቀረው ቢሰጥ፣ አዲሱ አንድን ወረዳ ለመሸፈን ብዙ እጥፍ ማማ ያስፈልገዋል።

ኢትዮጵያ ከዘገዩት አገሮች አንዷ ስለሆነች ከእነዚህ ጥያቄዎች አብዛኞቹን ሌሎች ሲያልፉባቸው የማየት ዕድል ነበራት። በ2019 የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 (እዚህ 2011 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ወጥቶ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ተቋቋመ፣ በ2021 በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አገኘ፣ በ2022 በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች ሥራ ጀመሩ። ፈቃዱ ሲሰጥ ግን የሞባይል ገንዘብ አገልግሎትን አይጨምርም ነበር፤ ነባሩ በዚያው በ2021 ቴሌ ብርን ጀመረ፣ አዲሱ ግን ፈቃዱን ያገኘው በ2023 ነው። «ተከፈተ» የሚለው አንድ ቃል በውስጡ ስንት የተለያየ በር እንዳለው ከዚህ በላይ ግልጽ የሚያደርገው የለም።

ሌላው ኔትወርክ የት ነው ያለው?

ስለ ውድድር ሲወራ ሁለተኛና ሦስተኛ ትልቅ ኩባንያ ብቻ ነው የሚታሰበው። አንድ አገር ውስጥ ግን አብዛኛው ሰው የማያያቸው ሌሎች ኔትወርኮችም አሉ። የባቡር ድርጅት ምልክቶቹንና ጣቢያዎቹን የሚያገናኝበት መስመር አለው። የኤሌክትሪክ ኃይል ድርጅት ደግሞ ከከፍተኛ ቮልቴጅ ምሰሶዎቹ አናት ላይ መብረቅ የሚከላከል ሽቦ ይዘረጋል፤ የዛሬው ሽቦ ብዙ ጊዜ በውስጡ ፋይበር አለው። ድርጅቱ ለራሱ ቁጥጥር ከፋይበሮቹ ጥቂቱን ይጠቀማል፣ የቀረው ብርሃን ሳይገባበት ዝም ብሎ ይቀመጣል። ነዳጅ በቧንቧ የሚያጓጉዙም ተመሳሳይ ነገር አላቸው።

ይህ ሀብት ውድድር ወልዷል። በብሪታንያ የነባሩ ኩባንያ የቢቲ የመጀመሪያ ተፎካካሪ ሆኖ በ1982 ፈቃድ ያገኘው ሜርኩሪ፣ ትልልቆቹን ከተሞች የሚያገናኘውን ፋይበሩን የዘረጋው በባቡር ሐዲዶች ዳር ነው። መሬት ከገበሬ ከገበሬ እየለመነ ቢቆፍር ኖሮ ምናልባት አሥር ዓመት ይፈጅበት ነበር። በአሜሪካም ስፕሪንት የተባለው የረጅም ርቀት አገልግሎት የተጀመረው በሳውዘርን ፓሲፊክ የባቡር ኩባንያ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ይህን አይቶ ሙሉ ውድድር ከመጀመሩ በፊት፣ በ1996፣ የባቡር፣ የኤሌክትሪክና የመሳሰሉት ድርጅቶች መስመር ለቴሌኮም አገልግሎት እንዲውል ፈቀደ። ቅደም ተከተሉ ብልህ ነው። መጀመሪያ አማራጭ መንገድ እንዲኖር አደረጉ፣ ከዚያ ተፎካካሪዎችን ጠሩ። በተቃራኒው ሕጉ «ትርፍ ፋይበርህን ለነባሩ ብቻ ነው የምታከራየው» የሚል ከሆነ፣ አዲሱ ኩባንያ ማማውን ከዋና ከተማው ጋር የሚያገናኝበትን መስመር የሚገዛው ከዋናው ተፎካካሪው ነው። የሚከፍለው ዋጋና የሚያገኘው ጥራት በተፎካካሪው እጅ ነው ማለት ነው።

ስቶክሆልም ከተማ ሌላ መንገድ መረጠች። በ1994 ስቶካብ የተባለ የከተማው ንብረት የሆነ ድርጅት አቋቁማ ፋይበር ዘረጋች። ድርጅቱ ለነዋሪው ኢንተርኔት አይሸጥም። ባዶውን ፋይበር ለሚፈልግ ኩባንያ ሁሉ በእኩል ሁኔታ ያከራያል፤ ፉክክሩ በእሱ ላይ ይካሄዳል። መንገዱ አንድ ጊዜ ተቆፈረ፣ ሻጮቹ ብዙ ሆኑ። ቅድም ያልኩት አሮጌው ክርክር ትክክል የሆነበት ቦታ ይህ ነው፤ ቁፋሮው አንድ ይሁን፣ ነገር ግን የቆፈረው ራሱ ሻጭ አይሁን።

ይህንን በአገር ደረጃ በሞባይል ላይ የሞከሩም አሉ፤ እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሩዋንዳ በ2014 ለ4ጂ አንድ ብቸኛ የጅምላ ኔትወርክ ከኮሪያው የቴሌኮም ኩባንያ ከኬቲ ጋር ሥራ አስጀመረች። ሽፋኑ አብዛኛውን ሕዝብ አዳረሰ፣ የተጠቃሚው ቁጥር ግን ከሽፋኑ በጣም ወደ ኋላ ቀረ፤ በመጨረሻም ብቸኝነቱ ተነስቶ በ2023 ኩባንያዎቹ የራሳቸውን 4ጂ ጀመሩ። ሜክሲኮም በ2018 ሥራ የጀመረ አንድ የጋራ የጅምላ ኔትወርክ ሠርታ ነበር፤ ኩባንያው በ2021 የኪሳራ ሂደት ውስጥ ገባ፣ በ2022 መንግሥት አብላጫውን ያዘ። የእኔ ግምት በአጭሩ ይህ ነው፦ አንድ የጋራ ኔትወርክ ማስገደድ የሚሠራው ድግግሞሹ በእውነት በጣም ውድ በሆነበት ቦታ፣ ማለትም ቱቦና ወደ ቤት የሚገባ ፋይበር ላይ ነው። ማማ ላይ ሲሆን አንዱን ሞኖፖሊ በሌላ መተካት ይሆናል።

ትርፍ የማይገኝበት ገጠርስ?

ውድድርን የሚቃወሙ ሰዎች የሚያነሱት አንድ ነገር በቁም ነገር ሊታይ ይገባዋል። ሞኖፖሊው ከከተማ በሚያገኘው ትርፍ የገጠሩን ኪሳራ ይሸፍን ነበር፤ አዲሶቹ ኩባንያዎች መጥተው የከተማውን ትርፍ ሲጋሩ ለገጠሩ ማን ይከፍላል? ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ግን ሞኖፖሊውን ማቆየት አይደለም፤ ድጎማውን ከተደበቀበት አውጥቶ በግልጽ ማስቀመጥ ነው። ብዙ አገሮች ሁሉም ኩባንያ ከገቢው የተወሰነ መቶኛ የሚያዋጣበት ፈንድ አቋቁመዋል። ቺሊ በ1990ዎቹ ያደረገችው ከሁሉም የሚስበኝ ነው። ስልክ ለሌላቸው መንደሮች ኩባንያዎችን «ስንት ድጎማ ብንሰጣችሁ ትገባላችሁ?» ብላ አጫረተች፣ ትንሹን የጠየቀ አሸነፈ። አንዳንዶቹ ምንም ድጎማ ሳይጠይቁ ገቡ። የማያዋጣ የተባለው ቦታ ሁሉ በእርግጥ የማያዋጣ እንዳልሆነ የታወቀው በዚህ ነው። ፈንዱ ግን ገንዘብ ሰብስቦ ሳያወጣ የሚቀመጥ ከሆነ ለኩባንያዎቹ ሌላ ታክስ፣ ለገጠሩ ደግሞ ባዶ ተስፋ ነው፤ ይህም በብዙ አገር ታይቷል።

ፈንዱም ትልልቆቹም ያልደረሱበት ቦታ ሰዎች ራሳቸው ሠርተዋል። ይህን ክፍል ስጽፍ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ቴሌኮም የግድ የትልቅ ካፒታል ሥራ ብቻ ነው የሚለውን እምነት ያናጋል።

በካታሎኒያ ጊፊ ኔት የተባለው ኔትወርክ በ2004 ፈጣን ኢንተርኔት ባልደረሰበት ገጠር በጣሪያ ላይ በተተከሉ የዋይፋይ አንቴናዎች ተጀመረ። እያንዳንዱ ሰው የራሱን አንቴና ይገዛል፣ የሌላው መረጃ በእሱ በኩል እንዲያልፍ ይስማማል። ዛሬ ከ30 ሺህ በላይ መገናኛ ነጥቦች አሉት፣ ፋይበርም ዘርግቷል። አገልግሎት ሻጭ ኩባንያዎች በእሱ ላይ ይሠራሉ፣ ለጋራው ጥገናም ድርሻቸውን ያዋጣሉ። በእንግሊዝ ላንካሻየር ገጠር ደግሞ ነዋሪዎች በ2011 ቢፎርአርኤን የተባለ ማኅበር አቋቁመው አክሲዮን ገዙ፣ ገበሬዎቹ ፋይበሩ በመሬታቸው እንዲያልፍ በነፃ ፈቀዱ፣ ብዙዎችም ራሳቸው ቆፈሩ። በየቤቱ አንድ ጊጋቢት አስገቡ፤ ያን ጊዜ ብዙ ከተሞች ያላገኙትን ፍጥነት። በደቡብ አፍሪካ ኢስተርን ኬፕ፣ ማንኮሲ በምትባል መንደር፣ ነዋሪዎች ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው ዘንዘሌኒ የተባለውን የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ኔትወርክ ዘረጉ።

በሜክሲኮ ኦአካካ ግዛት ያለችው ታሌያ ዴ ካስትሮ ግን ሞባይል ራሱን ነው የሠራችው። ኩባንያዎቹ ከተማዋ ትንሽ ናት ብለው አልመጡም። በ2013 ነዋሪዎቹ ሪዞማቲካ ከተባለ ድርጅት ጋር ሆነው በነፃ ሶፍትዌር የሚሠራ የራሳቸውን የሞባይል ማማ አቆሙ። ከከተማዋ ውጭ የሚደረገው ጥሪ በኢንተርኔት በኩል ይወጣል። ቴክኒኩ ከባድ አልነበረም። ከባዱ ሞገዱን የመጠቀም መብት ነበር፤ አብዛኛው የሞባይል ሞገድ ለትልልቆቹ ተሰጥቶ ነበርና፣ መንደሩ ላይ ማንም ባይጠቀምበትም። በ2016 የሜክሲኮ ተቆጣጣሪ ለእነዚህ ማኅበረሰቦች ድርጅት በአምስት ግዛቶች ውስጥ የሚሠራ ለትርፍ ያልሆነ ፈቃድ ሰጠ።

ከእነዚህ ልምዶች አንድ ተቆጣጣሪ ሊሠራው የሚችለው ነገር ግልጽ ሆኖ ይታየኛል፣ ገንዘብም ብዙ አይጠይቅም። ለትናንሽና ለትርፍ ላልሆኑ ኔትወርኮች የተለየ ቀላል ፈቃድ ይኑር፤ ደቡብ አፍሪካ ለዘንዘሌኒ እንዳደረገችው ከፈቃድ ክፍያ ነፃ ማድረግም ይቻላል። በከተማ የተሸጠ ግን በገጠር ባዶውን የተቀመጠ ሞገድ፣ ገዢው እስኪደርስበት ድረስ ለአካባቢው ሰዎች ይፈቀድ። መንደሩ ከሰፊው ዓለም ጋር የሚገናኝበትን መስመርም ከኤሌክትሪክ ድርጅቱ ይሁን ከነባሩ ኩባንያ፣ ለትልልቆቹ በሚሸጥበት በታወቀና በታተመ የጅምላ ዋጋ የመግዛት መብት ይኑረው። ይህ የመጨረሻው ከሌለ ግን ፈቃዱም ሞገዱም ተሰጥቶ፣ አንቴናው ተተክሎ፣ መንደሩ የሚያወራው እርስ በርሱ ብቻ ነው።